የአንድ ኤከር ዋጋ፦ ከወርዚንግተን እስከ ሱ ካውንቲ

ማክሰኞ

ጭነት መኪና ስለምነዳ የሚድዌስት መንገድ አዲሴ አይደለም። ግን ሁሉንም ያየሁት በመስኮት ነው። በቆሎ፣ አኩሪ አተር፣ እንደገና በቆሎ። ይህን ሁሉ መሬት ማን ያርሰዋል? የማን ነው? ስንትስ ያወጣል? ብዬ ብጠይቅ ከእኛ ልጆች የሚመልስልኝ አላገኘሁም። ስለዚህ በኖቬምበር 2024 እረፍት ስወጣ የራሴን መኪና አስነስቼ ሰሜን ምዕራብ አዮዋ ወደሚገኘው ሱ ካውንቲ ሄድኩ።

ለምን ሱ? በአዮዋ የእርሻ መሬት ዋጋ ሲነሳ እሱና ጎረቤቱ ኦብራየን ካውንቲ ብዙ ጊዜ ከላይ ናቸው። በኖቬምበር 2022 እዚያ 73 ኤከር መሬት ለጨረታ ወጥቶ አንዱ ኤከር (0.4 ሄክታር ያህል) በ30,000 ዶላር ተሸጧል። በዚያን ጊዜ በአዮዋ እንዲህ ያለ ዋጋ ታይቶ አይታወቅም ነበር። ማዕድን የለበትም፣ ትልቅ ከተማ አጠገቡ የለም። ማሳ ነው፣ በቃ።

ከሚኒያፖሊስ በማንኬቶ አድርጎ በሴንት ጄምስና በዊንደም የሚያልፈው መንገድ ቀስ እያለ ሜዳ ይሆናል። አዝመራው ተሰብስቦ አልቋል። የቀረው አገዳ ነው፣ በየማሳው ዳር ደግሞ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ይሽከረከራሉ። ሲመሽ ወርዚንግተን ደረስኩ። ከተማዋ 14,000 ያህል ሰው ይኖርባታል። ትልቅ የአሳማ ማረጃ አላት፣ በእሱ ምክንያትም ሐበሻውም፣ ሜክሲኮውም፣ በርማውም እዚህ ተሰባስቧል። የአክስቴ ልጅ እዚያ መሥራት ከጀመረች ቆየች።

ሽሮ ሠርታ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ባሏ ከአዮዋ ወሰን ማዶ የአሳማ ቤት በግፊት ውኃ የሚያጥብ ሠራተኛ ነው። አሳማዎቹ ወጥተው አዲስ ከመግባታቸው በፊት ቤቱ ከጣሪያ እስከ ወለል ይታጠባል፤ ማስክና ላስቲክ ልብስ አድርጎ ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የሚሠራው።

«እኛ የማንበላውን ለዓለም እናበላለን» አለች የአክስቴ ልጅ። «ግን ልጆቼን ያስተማርኩበት ነው፣ ስሙን ክፉ አላነሳም።»

ባሏ አንድ የሚያውቀው ወጣት ገበሬ እንዳለ ነገረኝ። ሰውየው ሱ ካውንቲ ውስጥ ነው የሚያርሰው፣ ስልኩንም ሰጠኝ።

ረቡዕ

ሃይዌይ 60ን ይዤ ሲብሊን፣ ከዚያ ሼልደንን አልፌ ሱ ካውንቲ ገባሁ። መጀመሪያ የሚገርመው መንገዱ ነው። በየአንድ ማይሉ መስቀለኛ መንገድ አለ፣ ቀጥ ያለ፣ በቀያሽ ገመድ የተሰመረ። በአራት መንገድ የተከበበው አንድ ካሬ ማይል 640 ኤከር ይሆናል። ሩቡ 160 ኤከር ነው፣ ወደ 65 ሄክታር፣ በእኛ አቆጣጠር ከአንድ ጋሻ ተኩል በላይ። የ1862ቱ የሆምስቴድ ሕግ ለአንድ አባወራ የሚሰጠው ይህንኑ ሩብ ነበር። ከዚያ በፊት ግን መሬቱ ሱ ተብሎም የሚጠራው የዳኮታ ሕዝብ ነው፤ ካውንቲውም በእነሱ ስም ነው የሚጠራው። በ1851 ትራቨርስ ደ ሱ ላይ በተፈረመ ውል ነው ከእጃቸው የወጣው። ይህን ሳልጽፍ ስለ መሬት ዋጋ ማውራት አልፈልግም።

በ1870 እዚያው አዮዋ ካለችው ፔላ ከተማ የመጡ የደች ተወላጆች ኦሬንጅ ሲቲን ቆረቆሩ። ዛሬም ዳቦ ቤቱና ባንኩ የሆላንድ ፊት አላቸው፣ እሑድ አብዛኛው ቦታ ዝግ ነው፣ የቤተሰቦቹ ስሞችም ያው የደች ስሞች ናቸው። ቤተ ክርስቲያን የሚገናኙ ሰዎች ጨረታ ላይም ይገናኛሉ። ይህ ነገር በኋላ ስለ ዋጋው ብዙ አስረዳኝ።

ከሰዓት ወጣቱን ገበሬ አገኘሁት። በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ እጁ በግሪስ የጠቆረ ሰው ነው። መጋዘን ውስጥ ኮምባይነሩን፣ የአዝመራ ማጨጃውን፣ ከክረምት በፊት እያጸዳ ነበር። በላስቲክ ቱቦ አየር እየነፋ የበቆሎውን ገለባ ከየጥርሱ መሃል ያወጣል፣ ውስጡ ከቀረ አይጥ ይገባና የኤሌክትሪክ ሽቦ ይበላል አለኝ። አውርቶ የማይጠግብ ሰው ነው። የራሱ የሆነው ግቢውና አንድ የአሳማ ቤት ብቻ ነው፤ የሚያርሰው በሙሉ የኪራይ ነው።

ሂሳቡን እሱ በካርቶን ላይ እየጻፈ አሳየኝ፣ እኔም ቤት ሆኜ ደግሜ ሠራሁት። በ2024 አዮዋ በአማካይ ከአንድ ኤከር 211 ቡሼል በቆሎ አመረተች፤ ታሪካዊ ምርት ነው። አንድ ቡሼል በቆሎ 25 ኪሎ ያህል ነው። ዋጋው ግን በዚያ ሰሞን በአራት ዶላር ዙሪያ ነበር፣ በ2022 ከሰባት በላይ የወጣው ማለት ነው። ስለዚህ ከአንድ ኤከር ወደ 844 ዶላር ይሸጣል። ከዚያ ላይ ዘር፣ ማዳበሪያ፣ የአረም መድኃኒት፣ ነዳጅ፣ የማሽን ዕዳ፣ ኢንሹራንስ፣ ኪራይ።

አሁን ደግሞ መሬቱን ልግዛ በል። ኤከሩን በ15,000 ዶላር ገዝተህ ገንዘቡን በሙሉ በሰባት በመቶ ወለድ ብትበደር በዓመት ወለዱ ብቻ 1,050 ነው። ከበቆሎው ጠቅላላ ሽያጭ ይበልጣል። ገና ዋናውን ሳትነካ፣ ገና አንድ ፍሬ ዘር ሳትገዛ።

«ታዲያ ማን ነው የሚገዛው?» አልኩት።

«ቀድሞ ያለው» አለኝ።

መልሱ አጭር ቢሆንም እውነት ነው። የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ በ2022 ባደረገው የባለቤትነት ጥናት 84 በመቶው የአዮዋ እርሻ መሬት ዕዳ የሌለበት ነው። ሁለት ሦስተኛው ዕድሜያቸው ከ65 በላይ በሆኑ ሰዎች እጅ ነው፣ ከሲሶው በላይ ደግሞ 75 ካለፋቸው ሰዎች። ግማሽ የሚጠጋው በሴቶች ስም ነው፣ ብዙዎቹም ባሎቻቸው የሞቱባቸው እናቶች ናቸው። አያቱ በርካሽ የገዛው፣ አባቱ ከፍሎ የጨረሰው 500 ኤከር ያለው ሰው 80 ቢጨምር አዲሱን ዕዳ አሮጌው መሬት ይከፍልለታል። ከባዶ የሚነሳው ወጣት ከዚህ ሰው ጋር ነው የሚጫረተው።

ሽማግሌዎቹስ ለምን አይሸጡም? ግብሩ ነው አንዱ ምክንያት። ድሮ በ500 ዶላር የገዛኸውን ኤከር ዛሬ በ15,000 ብትሸጥ በትርፉ ላይ ግብር አለብህ። ይዘኸው ከሞትክ ግን ለልጆችህ የግዢ ዋጋው በሞትክበት ቀን ባለው ዋጋ ይታደሳል፤ በማግስቱ ቢሸጡት ግብር የሚከፍሉበት ትርፍ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ሰው መሬቱን እስከ ዕለተ ሞቱ ይይዛል። አጠገብህ ያለው ማሳ በዕድሜህ አንድ ጊዜ ብቻ ነው ለገበያ የሚወጣው፤ ካመለጠህ ለልጅ ልጅህ ነው።

ሐሙስ

ዛሬ ሽታው ነው የቀሰቀሰኝ ብል ማጋነን አይደለም። ኖቬምበር ፍግ የሚወጣበት ወር ነው። ሱ ካውንቲ ውስጥ 36,000 ያህል ሰው ይኖራል፣ አሳማው ግን ከሚሊዮን በላይ ነው። ከብቱ፣ የወተት ላሙ፣ የእንቁላል ዶሮው ሲጨመር ከአዮዋ ካውንቲዎች ሁሉ በእርሻ ሽያጭ ቀዳሚው ነው። ችግሩም በዚያው ልክ ነው፤ በሜይ 2024 የወፍ ጉንፋን በአንድ የእንቁላል እርባታ ገብቶ ከአራት ሚሊዮን በላይ ዶሮ ተወግዷል።

ወጣቱ ገበሬ የራሱን የአሳማ ቤት አሳየኝ። ጠባብና ረጅም ቤት ነው፣ 2,400 አሳማ ይይዛል። አሳማዎቹ የእሱ አይደሉም። የኩባንያ ናቸው፣ መኖውም የኩባንያ ነው። እሱ ቤቱንና ጉልበቱን ያቀርባል፣ በቦታ ቁጥር ይከፈለዋል። ፍጉ ግን የእሱ ነው። ከወለሉ ሥር ሁለት ሜትር ተኩል ያህል የሚጠልቅ ጉድጓድ አለ፣ ዓመቱን ሙሉ እዚያ ይጠራቀማል። አዝመራ ሲያልቅ በፓምፕ ይሳብና ትራክተር በሚጎትተው ረጅም ቱቦ ማሳው ላይ ይደርሳል፤ እንደ ማረሻ ያለ ብረት አፈሩን እየሰነጠቀ ከውስጥ ይቀብረዋል። ቱቦው ከመንገድ ሥር በቦይ አልፎ ሁለት ማሳ ተሻግሮ ሲጎተት አየሁ።

የመሬቱ ዋጋ ምሥጢር ግማሹ እዚህ ነው። ፈሳሽ ፍግ አብዛኛው ውኃ ነው፣ ሩቅ ቢጓጓዝ አያዋጣም። አንድ ሰው ትልቅ የአሳማ ቤት ሲያስተዳድር ደግሞ ፍጉን የሚያፈስበት በቂ ኤከር እንዳለው በዕቅድ ማሳየት አለበት፣ የስቴቱ ሕግ ነው። ስለዚህ ከቤቱ አጠገብ ያለ ማሳ ለእሱ የበቆሎ መሬት ብቻ አይደለም። የማዳበሪያ ወጪውን ይቀንስለታል፣ ሌላ ቤት ለመሥራትም መንገድ ይከፍትለታል። በ2022 የፋብሪካ ማዳበሪያ ጣሪያ ሲነካ ፍግ ያለው ሰው ብዙም አልተነካም። ያ ሰው ጨረታ ላይ እጁን ሲያነሳ በቆሎ ብቻ የሚሸጠው ጎረቤቱ ሊከተለው አይችልም።

ሌላው ግማሽ አፈሩ ነው። ዝቅ ብዬ በእጄ ዘገንኩት። ጥቁር ነው፣ ግን እንደ ዋልካ እጅ ላይ አይለጠፍም፤ ጨብጠህ ስትለቀው ይፈረካከሳል። በነፋስ ተጓጉዞ የተከመረ ደቃቅ አፈር ነው፣ በላዩ ለሺህ ዓመታት ረጅም ሣር በቅሎ በስብሶበታል። ጋልቫ ይሉታል ይህን ዓይነቱን። አዮዋ ውስጥ እያንዳንዱ ማሳ ለበቆሎ ምን ያህል እንደሚስማማ የሚያሳይ እስከ 100 የሚደርስ ነጥብ አለው፣ ገዢም ሻጭም መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው። «ስንት ነጥብ ነው?» ይባላል፣ ዋጋውም በነጥብ ይካፈላል። እዚህ አካባቢ ዘጠናዎቹ ውስጥ ያለ ማሳ ብርቅ አይደለም።

ከሰዓት ብቻዬን ወደ ሮክ ቫሊ ነዳሁ። ባለፈው ጁን 22 ሮክ ወንዝ ሞልቶ ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር፤ ሰው በጀልባና በሄሊኮፕተር ነው የወጣው። ወንዙ ዳር ያሉት ማሳዎች ከላይኞቹ የሚረክሱት ለምን እንደሆነ ለማወቅ ባለሙያ አያስፈልግም። እዚያ ብዙ አልቆየሁም፣ የሰው ሐዘን ላይ ቱሪስት መሆን ደስ አላለኝም።

ማታ ገበሬው ቤቱ እራት ጋበዘኝ። ሚስቱ የአሳማ ሥጋ እንደማልበላ ሰምታ ዶሮ ሠርታለች፣ እግዜር ይስጣት። በጨዋታ መሃል «በአገራችሁ ኤከሩ ስንት ነው?» ብሎ ጠየቀኝ።

አይሸጥም አልኩት። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ እንደሆነ፣ በኋላም ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 40 መሬት እንደማይሸጥ እንደማይለወጥ እንደደነገገ፣ አባቴ ጎጃም ውስጥ የያዘው የይዞታ ደብተር እንጂ የሽያጭ ውል እንዳልሆነ ነገርኩት። «መሬት ላራሹ» ብለው የወጡትን ተማሪዎች ነገርኩት።

ዝም ብሎ ሰማኝና «ታዲያ ወጣቱ በምን ይጀምራል?» አለ።

ከአባቱ ድርሻ ተቆርሶ እስኪሰጠው ይጠብቃል፣ ወይ የሰው መሬት እኩል ያርሳል፣ ወይ አገሩን ጥሎ ይሄዳል፤ እኔም ሄጃለሁ አልኩት።

«እዚህም ያው ነው» አለኝ።

እኔ የመሬት ሽያጭ ይፈቀድ አይፈቀድ በሚለው ክርክር ብዙ ሰዓት ያባከንኩ ሰው ነኝ። ከሱ ካውንቲ በኋላ ግን ጥያቄዬ ሌላ ሆኗል። የሚሸጥ ቢሆንም የማይሸጥ ቢሆንም፣ መሬት የሌለው የ25 ዓመት ልጅ በየትኛው በር ይገባል? ይህን የማይመልስ የመሬት ፖሊሲ እዚህም እዚያም ጎዶሎ ነው።

ዓርብ

ጨረታው ጠዋት በአንዲት ትንሽ ከተማ አዳራሽ ነበር። 80 ኤከር፣ ሜዳ፣ ነጥቡ ዘጠናዎቹ ውስጥ። እናትየው ሞታ ልጆቿ በሌላ ስቴት ስለሚኖሩ ሊካፈሉት ነው የሚሸጡት። ወጣቱ ገበሬ ይህንን ማሳ ለዓመታት በኪራይ ሲያርሰው ነበር። በአዮዋ የእርሻ ኪራይ ዓመት የሚያልቀው ማርች 1 ነው፤ ባለቤቱ ውሉን ማቋረጥ ከፈለገ እስከ ሴፕቴምበር 1 ድረስ በጽሑፍ ማስታወቅ አለበት። ደብዳቤው በኦገስት ደርሶታል።

አዳራሹ ሞልቷል። ቡናና ኬክ በነጻ ነው። አብዛኛው ሰው ሊገዛ አልመጣም፣ ሊያይ ነው የመጣው፤ የጎረቤት መሬት ዋጋ የራስህም መሬት ዋጋ ነውና። ጠበቃው የሽያጩን ሁኔታ አነበበ፦ ዛሬውኑ አሥር በመቶ፣ ቀሪው ርክክብ ሲደረግ። ከዚያ አጫራቹ ጀመረ። በአንድ ኤከር ነው የሚጠራው፣ ሲዘጋ በ80 ይባዛል።

ከ12,000 ተነሳ። 13፣ 14፣ ቶሎ ቶሎ። 15,000 ላይ አብዛኛው ወጣ፣ ሁለት ሰዎች ቀሩ። ሁለቱም ድንበርተኞች ናቸው፣ አንዱ በሰሜን ሌላው በምሥራቅ። አይተያዩም። አንዱ እጁን አያነሳም፣ ብዕሩን ትንሽ ቀና ያደርጋታል። ሌላው በጭንቅላቱ ነው። 16,500 ላይ አጫራቹ አሥር ደቂቃ እረፍት ሰጠ። ሰሜኑ ሰውዬ ከሚስቱ ጋር ጥግ ይዞ ተነጋገረ። ሲመለሱ በመቶ በመቶ ሄደ፣ በ16,900 ተዘጋ። 1,352,000 ዶላር። ሰሜኑ አሳማ አርቢ ነው ወሰደው። ተሸናፊው ሄዶ ጨበጠው። እሑድ አንድ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።

የእኔ ሰው ከኋላ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል፣ አንዴም አልተጫረተም። ለጀማሪ ገበሬዎች የፌዴራል መንግሥት በቀጥታ የሚያበድረው የመሬት ብድር ጣሪያ በ2024 600,000 ዶላር ነበር። በዚህ ጨረታ ዋጋ 35 ኤከር ይገዛል። ለጀማሪ ለሚያከራይ ባለመሬት አዮዋ የግብር ቅናሽ ትሰጣለች፣ ይሄኛው ጥሩ ነገር ነው፣ ግን አከራዩ ፈቃደኛ መሆን አለበት።

ብዙ ሰው ከተማ ውስጥ ሲያወራ «መሬቱን ቻይናና ቢል ጌትስ ጨረሱት» ይላል። እዚህ ያየሁት እሱን አይደለም። አዮዋ አገሪቱ ውስጥ የማይኖር የውጭ ዜጋ የእርሻ መሬት እንዳይገዛ ከከለከለች አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፤ ግሪን ካርድ ያለው ግን ክልከላው አይነካውም፣ ሐበሻ አንባቢ ይህን ይያዝልኝ። ገዢው አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ያለ ገበሬ ነው። ትልቁ ትንሹን የሚውጠው በውጭ ገንዘብ ሳይሆን በጉርብትና ነው፣ ያውም በጨዋነት።

ከተመለስኩ በኋላ ዩኒቨርሲቲው በዲሴምበር ያወጣው የ2024 ጥናት የአዮዋን አማካይ የኤከር ዋጋ 11,467 ዶላር ነው ያለው፣ ከዓመቱ በፊት በሦስት በመቶ ቀንሷል። አማካይ ኪራይ 279። ይህ ማለት መሬት የገዛ ሰው በኪራይ የሚያገኘው ከዋጋው ሁለት ተኩል በመቶ እንኳ አይሞላም። ባንክ ብታስቀምጠው ይሻልሃል። ሰው የሚገዛው ለዘንድሮ በቆሎ ሳይሆን መሬት አይጠፋም ብሎ ነው።

ቅዳሜ

ወደ ቤት ከመመለሴ በፊት ወደ ደቡብ «ለማርስ» እስከምትባለው ከተማ ድረስ ወረድኩ። ጎረቤት ካውንቲ ነው፣ ፕሊመዝ። የፍርድ ቤቱ ሕንጻ ዛሬም አለ። ኤፕሪል 27, 1933 በዕዳ መሬታቸው ሊወሰድ የደረሰ ገበሬዎች ችሎቱ ውስጥ ገብተው ዳኛ ቻርልስ ብራድሊን ጎትተው አወጡት። ከከተማ ውጭ ወስደው አንገቱ ላይ ገመድ አደረጉ፣ የሐራጅ ትእዛዝ እንዳይፈርም ማል አሉት። አልማለም። አዋርደውት ጥለውት ሄዱ፤ የስቴቱ አስተዳዳሪ ክላይድ ሄሪንግ ወታደር ላከ፣ ወታደራዊ አገዛዝ ታወጀ።

ከዚያ ደግሞ 1980ዎቹ። በ1981 የአዮዋ አንድ ኤከር በአማካይ 2,147 ዶላር ነበር። ወለድ ጣራ ነካ፣ ወደ ሶቪየት የሚሄደው እህል በ1980 ታግዶ ነበር፣ የእህል ዋጋ ወረደ። በ1986 ያው ኤከር 787 ሆነ። በከፍተኛው ዋጋ የገዙት ወጣቶች ነበሩ የጠፉት። መሬት አይጠፋም የሚለው እውነት ነው፣ ገበሬው ግን ይጠፋል። ዛሬ ሽማግሌዎቹ ዕዳ የሚፈሩት ያንን በዓይናቸው ስላዩ ነው፣ ዕዳ የሌለባቸው በመሆኑም ዋጋው በቀላሉ አይወርድም።

ወርዚንግተን ላይ የአክስቴ ልጅ ለመንገድ ዳቦ ቋጥራ ጠበቀችኝ። ባሏ ጨረታው እንዴት ሆነ አለኝ፣ ነገርኩት። ሰሜኑን ሰውዬ ያውቀዋል፣ ሁለት የአሳማ ቤቶቹን አጥቦለታል። ጥሩ ሰው ነው፣ በሰዓቱ ይከፍላል አለ።

ማንኬቶ ልደርስ ስል ከወጣቱ ገበሬ መልእክት መጣ። አዲሱን ባለቤት ጠይቆታል። ለአንድ ዓመት ያከራየዋል፣ ከበፊቱ በኤከር 40 ዶላር ጨምሮ፣ ፍጉን ግን ባለቤቱ ራሱ ነው የሚያፈስበት። እስከ ሰኞ መልስ ስጠኝ ብሎታል። ገበሬው ከሚስቱ ጋር ሂሳቡን እየሠሩ ነው።